ሠንጠረዡ ወደ አሸተን የላካቸው እናቶች

የኮምፒውተር ባለሙያው ከአዲስ አበባ በመጣ ቀን የኮሚቴያችን ሰብሳቢ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ወርደው ተቀበሉት። ጳጳስ ሲመጣ እንኳ ያን ያህል ሲሯሯጡ አይቼ አላውቅም። ሻንጣውን ከእጁ ነጥቀው ራሳቸው ተሸከሙለት። እሱም አልከለከላቸውም። ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ላሊበላን ገርመም አደረጋትና “ኔትወርኩ እንዴት ነው?” አለ። ቤተ ክርስቲያኖቹ ወዴት ናቸው ብሎ አልጠየቀም። ይህን የነገሩኝ ሰብሳቢው ራሳቸው ናቸው፤ ያውም እንደ ትልቅ ሙያ አድርገው። “አየሽ፣ ሥራ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው፤ ለጉብኝት አልመጣም!” አሉኝ።

እኔ የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሶፍትዌር ተማርኩና አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ሠራሁ። መሥሪያ ቤታችን የቢሮ ኪራይ ሲከብደው ሁላችሁም ካላችሁበት ሆናችሁ ሥሩ አለን። ካላችሁበት ከተባለ ብዬ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። ሥራዬ ሰዎች ስልካቸውና ኮምፒውተራቸው ላይ የሚያዩትንና የሚነኩትን የድረ ገጽ ክፍል መሥራት ነው፦ ቁልፉን፣ ቅጹን፣ ሠንጠረዡን። ይህን ለጎረቤት ማስረዳት ግን አልሆነልኝም። “የመሪጌታ ልጅ ኮምፒውተር ቤት ከፍታለች” ተብሎ ተወራና ስንቱ መታወቂያውን ይዞ ፎቶ ኮፒ አንሺልኝ እያለ በራችንን አንኳኳ።

ነቢይ በአገሩ አይከበርም ይባላል። እኔ ነቢይ አይደለሁም፣ ሠንጠረዥ ሠሪ ነኝ፤ ለካ ሠንጠረዥ ሠሪም በአገሩ አይከበርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለገና በዓል ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ሆቴል ብቻ አይበቃውም። ድንኳን ይተከላል፣ የከተማው ሰው ቤቱን ይከፍታል። ማን የት ይደር የሚለውን የሚደለድል አንድ የእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ ነበረን። ድልድሉ ድሮ በወረቀትና በጩኸት ነበር የሚሠራው፤ ጉድለቱ ብዙ ነው፤ አሁን ተበላሸ ብዬ ያንን አላወድስም። ታዲያ ሰብሳቢው አንድ ጊዜ ደሴ ላይ ሥልጠና ተካፍለው መጡና “ዲጂታል” የምትል ቃል ይዘው ተመለሱ። ቃሏን ሲጠሯት ማር እንደሚቀምስ ሰው ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። ውሃ ሲጠፋም “ዲጂታል ብንሆን ኖሮ” ይላሉ። ያን ሰሞን የኮሚቴው ሥራ ሁሉ ዲጂታል ይሁን ተባለ፤ ሲያድግ ያዩት ልጅ ደግሞ ዲጂታል ሊሆን ስለማይችል ባለሙያ ከአዲስ አበባ ተጠራ።

ሥራውን ጨርሶ ያሳየን የበዓሉ ሰሞን ነው። አዳራሹ በካህናት፣ በአስጎብኚዎችና በሆቴል ባለቤቶች ሞላ። እኔ ኋላ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ባለሙያው ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ አበራ። እያንዳንዱ ረድፍ የአንድ የጉዞ ማኅበር ስም ነው። ከስሙ ጎን ትንሽ ቀስት አለች፤ ስትነካ ረድፉ ይዘረጋና ከሥሩ የማኅበሩ ቤተሰቦች ይወጣሉ። የቤተሰቡ ቀስት ደግሞ ስትነካ ከሥሩ ሰዎቹ ይወጣሉ፦ ዕድሜያቸው፣ ሕመማቸው፣ ዳገት ይችሉ እንደሆነና የሚያድሩበት ቤት። ረድፍ በረድፍ ውስጥ፣ ሌላም ረድፍ በዚያ ውስጥ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ልዋሽ አልችልም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነው የማስበው። የማኅበሩን ስም አይቶ የእያንዳንዷን አሮጊት ጉልበት እስከማወቅ የሚያደርስ ገጽ እንደኛ ላለ ከተማ ይጠቅማል። የሚያናድደውም ይህ ነው፤ ክፉ ሐሳብ ማንም እጅ ቢገባ አይቆጭም።

ረድፍ በተዘረጋ ቁጥር ቤቱ ያጨበጭባል።

“እዩት፣ እዩት! እንደ ሽንኩርት ነው፤ በላጡት ቁጥር ሌላ ይወጣዋል!” አሉ ሰብሳቢው።

ሽንኩርት የሚልጥ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያለ አልመሰለኝም።

እጄን አወጣሁና ልሞክረው አልኩ። ሰብሳቢው ፊታቸው ቢኮሳተርም በሰው ፊት እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። ሄጄ የደላንታን ማኅበር ረድፍ ዘረጋሁ። ከወገል ጤና የሚመጡ እናቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ባልቴቶችና መነኮሳይያት፣ ዳገት የማይችሉ። ከዚያ የሠንጠረዡን ራስ ነክቼ ማኅበራቱ በፊደል ተራ እንዲደረደሩ አደረግኩ። የላይኞቹ ስሞች ቦታ ተለዋወጡ። የተዘረጋው ሆድ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ደላንታ ወደ ላይ ሲወጣ የደላንታ እናቶች እዚያው ቀሩ፤ አሁን የተቀመጡት ከአዲስ አበባ በሚመጣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ስም ሥር ነው።

“ይኸው፣ እነዚህ እናቶች ወጣት ሆኑ” አልኩ።

አንዳንዱ ሳቀ። ባለሙያው አልሳቀም።

“እሱ ኤጅ ኬዝ ነው” አለ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ነገር ነው ማለቱ ነው። “ዩዘሩ ሶርት አያደርግም፤ ማን ተቀምጦ ይደረድራል?”

“ሰው ባያደርገው ገጹ ራሱ ያደርገዋል” አልኩት። “አንድ ማኅበር ሲገባ ‘ደረሰ’ ተብሎ ይነካል፤ የተነካው ረድፍ ወደ ታች ይወርዳል። አንተ ነህ እንዲወርድ ያደረግከው። በዋዜማው ሠንጠረዡ ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀስ ነው የሚውለው።”

“የሥራው ምዕራፍ ሁለት ላይ እናየዋለን።”

ወደ ሰብሳቢው ዞርኩ። ጥፋቱ ከባድ አይደለም፤ ለሚያውቀው ሰው የማለዳ ሥራ ነው። ገጹ የሚያስታውሰው “ሦስተኛው ረድፍ ተከፍቷል” ብሎ ነው እንጂ “የደላንታ ረድፍ ተከፍቷል” ብሎ አይደለም። ከሥሩ ያመጣቸውንም ሰዎች የሚያስቀምጣቸው በዚያው በተራ ቁጥር ነው። ሦስተኛው ቦታ ላይ ሌላ ማኅበር ሲመጣ የፊተኛውን ሰዎች ይወርሳል።

“ጋሼ፣ በጫማ ላስረዳዎት” አልኳቸው። “ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማዎን በር ላይ ያወልቃሉ። ሲወጡ የሚያነሱት ‘ከግራ ሦስተኛው የኔ ነው’ ብለው ነው ወይስ ጫማዎን ዓይተው? እርስዎ ሲያስቀድሱ አንድ ሰው ጫማ ቢያነሳ፣ በተራ የሚቆጥር ሰው የሌላ ጫማ አድርጎ ይሄዳል። ይህ ገጽ በተራ ነው የሚቆጥረው።”

“ጫማና ዲጂታል ምን አገናኘው?” አሉ።

አዳራሹ አሁን በእኔ ሳቀ። ሰብሳቢው ደግሞ ሳቁ ሲያይል ደፈር አሉና “ልጄ፣ ሰው ሲሠራ አይተሽ አትቅኚ፤ አንቺም ነገ ትደርሺበታለሽ” ብለው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። አንድ ሆቴል ያላቸው ሰውዬ “እውነታቸውን ነው” አሉ። የሆቴላቸውን ድረ ገጽ የሠራሁላቸው እኔ ነኝ፤ የረሱት አይመስለኝም።

ቤት ስገባ አባቴ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

“ምን አሉሽ?”

“ቀናሽ አሉኝ።”

“ጉድለቱን ነግረሻቸዋል?”

“በጫማ ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ።”

“እንግዲያ ያንቺን አድርገሻል። አሁን ለእንግዶቻችን መኝታ እናዘጋጅ” አሉኝ።

የእኛ ቤት ከመኪና መንገዱ ዳር ሜዳው ላይ ነው፤ ደረጃም ዳገትም የለውም። ስለዚህ ኮሚቴው የደላንታን እናቶች የመደበው ለእኛ ነበር። ያ ድልድል ትክክል ነው፤ ሲመዘገብም ትክክል ነው የተመዘገበው። ፍራሽ ዘረጋን፣ ከጎረቤት ብርድ ልብስ ተዋስን፣ አባቴ ለእግር መታጠቢያ ውሃ በበርሜል አስሞሉ።

የዋዜማው ዕለት ከቀትር በኋላ ከደጃችን ከበሮ ተሰማ። በሩን ስከፍት አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች መንገዱን ሞልተው ይዘምራሉ። ጎረምሶች ናቸው፤ ሁለቱ ድምፅ ማጉያ ተሸክመዋል። ከፊት ያለው ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለ መሪያቸው ነው።

“ሰላም ለዚህ ቤት! የተመደብነው እዚህ ነው” አለኝ።

“እዚህ የተመደቡት የደላንታ እናቶች ናቸው።”

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። እንግዳ የሚደለድሉት የኮሚቴው መዳቢዎች ጋ ያለውን ኮምፒውተር ፎቶ አንስቶታል። የእነሱ ማኅበር ስም ከላይ አለ፤ ከሥሩ የአባቴ ቤት። ከአባቴ ቤት ጎን ደግሞ “ዳገት አይችሉም” ይላል። የተሸከሙትን ድምፅ ማጉያ አየሁ፤ ከዚያ “ዳገት አይችሉም” የሚለውን መልሼ አነበብኩት።

“ይህን ስታነብ ምንም አልመሰለህም?” አልኩት።

“ኧረ አስበውልናል ብለን ደስ አለን” አለ። የምሩን ነበር።

እነሱ እዚህ ከመጡ እናቶቹ የት ሄዱ? አባቴ ወጣቶቹን ወደ ግቢ ሲያስገቡ እኔ መዳቢዎቹ ወዳሉበት ድንኳን ሮጥኩ። መንገዱ በነጠላ ነጭ ሆኗል፤ በትከሻ እየገፋሁ ነው ያለፍኩት። ድንኳኑ ውስጥ ሰልፉ ተበላሽቶ ሰው አንዱ ባንዱ ላይ ይጮሃል። ሁለት የማላውቃቸው ቤተሰቦች ለአንድ ክፍል ይጣላሉ። አንድ ቄስ የሴቶች ማደሪያ ተመድበው መውጣትም መቆየትም ቸግሯቸው ቆመዋል። ባለሙያው ከጥግ ተቀምጦ ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ ዝቅ ያደርጋል።

“ኔትወርኩ ነው” አለኝ ሳልጠይቀው።

ሰብሳቢው ደግሞ “ኔትወርኩ ነው! ታገሱ ወገኖቼ፣ ኔትወርኩ ነው!” እያሉ ላባቸውን ይጠርጋሉ። ኔትወርኩ ግን ያን ቀን ለእኔም የማይታመን ያህል ደህና ነበር።

ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ “የደላንታ እናቶች የት ሄዱ?” አልኳት።

“እንደተጻፈው ነው የላክኋቸው” አለችና አሳየችኝ። ከደላንታ ስም ሥር የወጣቶቹ ቤት ተዘርግቷል፦ ከአሸተን ማርያም መውጫ ሥር፣ ከከተማው በላይ። ወጣቶች ናቸው ይችሉታል ተብሎ የተመደበ ቤት ነው።

“ከአሁን ጀምሮ ገጹን ዘግተሽ እንደ አዲስ ሳትከፍቺ አንድም ረድፍ እንዳትዘረጊ” አልኳት። እንደ አዲስ ሲከፈት የተዘረጋው ሁሉ ስለሚታጠፍ ለጊዜው ይሻላል። ልጅቱ ባለሙያውን አየችው። ባለሙያው ትከሻውን ነቀነቀ። ሰብሳቢው “የማንን ትእዛዝ ነው የምትሰጪው?” ማለት ሲጀምሩ ጥያቸው ወጣሁ።

ወደ አሸተን የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ። በጤናውም ቀን ጉልበት የሚፈትን ዳገት ነው። ፈረንጆቹ እንኳ በቅሎ ተከራይተው፣ ውሃ ተሸክመው፣ በየጥጉ እያረፉ ነው የሚወጡት። ከቤቶቹ መጨረሻ አለፍ ብዬ ቀና ስል አየኋቸው። እናቶቹ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሁሉም ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፣ ሁሉም ስንቃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ከመካከላቸው አንዲት እማሆይ እግራቸውን ዘርግተው ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

“እናቶቼ፣ ማን ነው ወደዚህ ውጡ ያላችሁ?” አልኩ።

“ኮምፒውተሩ ነው አሉን” አሉ እማሆይ።

“እኛማ አንችልም ብለን ነበር” አሉ ሌላዋ። “ልጂቱ ደግሞ ‘እዚህ ላይ ትችላላችሁ ይላል’ አለችን። ከተጻፈ ምን እንላለን?”

“አልተጻፈም፤ የተጻፈው አትችሉም ተብሎ ነው” አልኳቸው።

“አልነገርኳችሁም?” አሉ እማሆይ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው። ሕመሙ ውስጥ ሆነው ደስ አላቸው። “እኔ መቼም ይህን ዳገት እችላለሁ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። እግዜር እንኳ እንዲህ ያለ ነገር በእኔ አያስብም!”

ሁለቱን አንስቼ እማሆይን ላነሳ ስል ጉልበታቸው እምቢ አለ። ሳብ ሳደርጋቸው ጮኹ። ከላይ አንድ ባለ በቅሎ ሰውዬ እንግዶቹን አድርሶ ባዶ በቅሎውን እየሳበ ሲወርድ አገኘሁት። ልለምነው ስጀምር እማሆይን አየና “ምን ንግግር ያስፈልገዋል?” ብሎ የኮርቻውን ግላስ አስተካከለ። ደግፈን አወጣናቸው። በቅሎዋ ቁልቁለቱን በወረደች ቁጥር እማሆይ “አይ ጉልበቴ፣ አይ ጉልበቴ” ይላሉ። የቀሩት በከዘራና በእኔ ክንድ ተደግፈው ቀስ እያሉ ወረዱ። ስንቃቸውን እኔ ተሸከምኩ። ከከተማው የዝማሬውና የመኪናው ድምፅ ይሰማል። በልቤ እየደጋገምኩ የማስበው “ምዕራፍ ሁለት” የሚለውን ቃል ነበር። የዚህችን ሴት ጉልበት ለየትኛው ምዕራፍ እንደመደበው ልጠይቀው ፈለግኩ።

ቤት ስንደርስ ወጣቶቹ ግቢው ውስጥ ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። መሪያቸው ፊሽካውን ይዞ ተነሣ።

“እህቴ፣ እኛም እኮ መንገድ ደክሞናል። ሲስተሙ የሰጠን ይህን ነው” አለ።

የምመልስለትን ስድብ እየመረጥኩ ሳለ አባቴ ቀደሙኝ። ከበሩ አጠገብ ቆመው እማሆይ ከበቅሎ ሲወርዱ ያዩ ነበር።

“ልጆቼ፣ ከእናንተ መሐል ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ መዘመር የሚችል ማነው?” አሉ።

ሁሉም እጃቸውን አወጡ።

“ከበሮ እየመታ?”

አሁንም አወጡ። መሪያቸው ከሁሉም ከፍ አድርጎ ነበር ያወጣው።

“ተባረኩ። እንግዲያ ይህ ሁሉ ጉልበት ሜዳ ላይ አይተኛ፤ ቤታችሁ ከላይ ነው” አሉና መንገዱን በእጃቸው አሳዩአቸው።

ወጣቶቹ ተያዩ፤ ከዚያ ሳቁ። ክፉዎች አልነበሩም፤ ስክሪን ላይ ያዩትን ከዓይናቸው በላይ ማመን ለምዶባቸው ነው። ከበሯቸውን አንስተው፣ የእናቶቹን እጅ እየሳሙ ወጡ። ድምፅ ማጉያውን ዳገት ላይ ሲሸከሙት ማየቴ ትንሽ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

አባቴ የእናቶቹን እግር ሊያጥቡ ጎንበስ ሲሉ እኔ ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ አውቶቡሶች አሁንም ይገባሉ። ማንንም ሳላስፈቅድ የባለሙያውን ኮምፒውተር ከፊቱ ሳብኩት። ሰብሳቢው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ያ የሴቶች ማደሪያ የደረሳቸው ቄስ “ይተዋት” አሏቸው ቆጣ ብለው።

የጻፈውን ከፍቼ ሳነብ ንዴቴ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። እያንዳንዱ ማኅበር ሲመዘገብ የማይለወጥ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ባለሙያው ይህን መለያ ያውቀዋል፤ ሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ ለዓይን እንዲያምር በቀለም አስጊጦ አሳይቶታል። የተዘረጋውን ረድፍ ለማስታወስ ግን አልተጠቀመበትም። የሰውየውን ስም ደረቱ ላይ ለጥፎ “አንተ ሦስተኛው” እያለ እንደሚጠራ አለቃ ነው። የቀረውን ከየትም ቀድቶ ለጥፎታል፤ ባንድ ቦታ ላይ የሌላ አገር ሱቅ የጫማ ዋጋ ማሳያ ሳይቀር ቀርቷል።

የተዘረጉትን ረድፎች በመለያቸው እንዲያስታውስ አደረግኩ። ከሥር የሚመጡትን ቤተሰቦችም በወላጅ ረድፋቸው መለያ ሥር አስቀመጥኳቸው፤ ሰዎቹንም እንዲሁ በቤተሰባቸው። የቀየርኩት ነገር ትንሽ ነው፤ ምሳ ሳይቀርብ የሚያልቅ ዓይነት። ከዚያ ደላንታን ዘርግቼ ሌላ ማኅበር “ደረሰ” አልኩ። ረድፎቹ ተንቀሳቀሱ፤ የደላንታ እናቶች ከደላንታ ጋር አብረው ሄዱ።

ባለሙያው ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ሲያይ ቆየና “እኔም እንደዚያ ላደርገው ነበር” አለ።

“መቼ?”

“ምዕራፍ ሁለት ላይ።”

“እሱን አሸተን መንገድ ላይ ለተቀመጡት እናቶች ንገርልኝ” አልኩት። የትኞቹ እናቶች እንደሆኑ አልጠየቀኝም።

የእማሆይ ጉልበት ሌሊቱን አበጠ። ጠዋት የገናው ዝማሬ ቤዛ ኩሉ ሲባል ለማየት ከወገል ጤና ድረስ የመጡት ሴት ከግቢያችን መውጣት አልቻሉም። ጓደኞቻቸው ሄዱ። እኔ አጠገባቸው ቀረሁ። ዝማሬው ከታች ከቤተ ማርያም በኩል በነፋሱ እየመጣ እየሄደ ይሰማል። አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዳምጡ ነበር። ሲርቅባቸው እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ ያደርጋሉ።

“አዘኑ እማሆይ?” አልኳቸው።

“ኧረ ተይኝ ልጄ! ከዚህም ይሰማል” አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ “ግን ላየው ነበር የመጣሁት” አሉ።

“ይቅር ይበሉን።”

“አንቺ ምን አድርገሽ? የላከኝም ይቅር ይባል፤ እኔ ቂም አልይዝም” አሉ። እሳቸው እንዲህ ናቸው። እኔ እንዲህ አይደለሁም።

በዓሉ ካለፈ በኋላ የምስጋና ቀን ተዘጋጀ። ባለሙያውን ወደ መድረክ አውጥተው ጋቢ አለበሱት። ሰብሳቢው ረዥም ንግግር አደረጉ፤ “ጥቃቅን የኔትወርክ ችግር ቢያጋጥምም ከተማችን ዲጂታል ሆናለች” አሉ። የእኔን ነገር “በማረፊያ በኩል የተባበሩ ወጣቶች” ብለው አለፉት። ተነሥቼ “ኔትወርኩ አልነበረም” አልኩ። “የማይችሉ እናቶችን ዳገት የላከው ገጹ ነው። ቀድሜ በዚሁ አዳራሽ ነግሬያችኋለሁ፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል።”

“ልጄ፣ ዛሬ የምስጋና ቀን ነው” አሉና ማጨብጨብ ጀመሩ። ሰውም አብሮ አጨበጨበ። የምናገረው በጭብጨባ ተዋጠ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሰው ዝም በል ሳይባል ዝም ይላል። ወጣሁ። ስወጣ ያ የድንኳኑ ቄስ ከበሩ ተከትለውኝ መጡና “እኔ ሰምቼሻለሁ” አሉኝ። ውስጥ ግን ምንም አልተናገሩም ነበር፤ ይህንንም ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፉ።

ባለሙያው ሥራውን በራሱ ድረ ገጽ ላይ ለጥፎታል። “ለታሪካዊት ከተማ የተሠራ ዘመናዊ የእንግዳ ሥርዓት” ይላል። የለጠፈው ምስል ላይ የደላንታ ረድፍ በትክክል ከደላንታ እናቶች ጋር ተዘርግቷል፤ እኔ ካስተካከልኩት በኋላ ያነሳው መሆኑ ነው።

በዓመቱ ሰብሳቢው ሰው ላኩብኝ፤ ባለሙያው ስልክ አላነሳ ብሏቸዋል። ራሳቸው ካልመጡ አልሄድም አልኩ። መጡ፤ አባቴ ወንበር ሰጧቸው። ገጹን ትይዥልን ወይ አሉኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ብተወው የሚጎዳው እሳቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ። እሺ ብዬ ከመሠረቱ ሠራሁት። አሁን “ዳገት አይችሉም” የተባለ ሰው ያለበትን ቤተሰብ ከዳገት ቤት ጋር ማገናኘት አይቻልም፤ ገጹ ራሱ እምቢ ይላል።

የዚያ ዓመት የደላንታ እናቶች ቀጥታ ወደ እኛ ቤት ገቡ። አንድ በአንድ እየሳምኩ ስቆጥር እማሆይን አጣሁ። “እግሯ እንቢ ብሏት ቀረች” አሉኝ። “ከዚያ ወዲህ ከደጇም እምብዛም አትወጣም።”

ማታውኑ ድንኳኑ ጋ ሰብሳቢውን አገኘኋቸው። ሁሉ ነገር ተሳክቶላቸው ፊታቸው በርቷል።

“እማሆይ ዘንድሮ አልመጡም” አልኳቸው።

“የትኛዋ?” አሉኝ።